ውራ ለመሆን የተጣሉ ጌቶች

ዛሬ በመቱ ስለ ትምህርት ቤት የሚሰበሰብ ሰው በዝቷል። እኔንም ዕድሜዬን አክብረው ይጠሩኛል። እሄድና ከፊት የተደረደሩትን የኮሚቴ አባላት ሳይ ሳቅ ያመልጠኛል። ሽማግሌው ደስ ብሎት ነው ይላሉ። እኔ ግን የሚያስቀኝ በጣሊያን ጊዜ እዚሁ ከተማ የነበረው የመጀመሪያው ኮሚቴ ትዝ እያለኝ ነው። ያንን ያየ ሰው ከዚያ ወዲህ የመጣ ኮሚቴ ሁሉ ቅጂ ሆኖ ይታየዋል፤ ቅጂውም እንደ ዋናው አያስቅም።

ስለ ራሴ አስቀድሜ ልናገር፤ ለሌላ ሰው ብተወው ያሳንሰዋል። ማንበብና መጻፍ ያስተማረኝ ሰው የለም። የአማርኛውን ፊደል የለቀምኩት መቱ ገበያ ዳር ተቀምጦ ለባላገር አቤቱታ ከሚጽፍ ጸሐፊ ጀርባ ቆሜ ነው። ጸሐፊው እንጀራው እንዳይነጠቅበት ወረቀቱን በክንዱ ይከልል ነበር። ግን የጻፈውን ለባለጉዳዩ ጮክ ብሎ ማንበቡ አይቀርም፤ እኔም የሰማሁትን ሾልኬ ካየሁት ጋር እያጋጠምኩ ፊደሉን ጨረስኩት። የላቲኑን ደግሞ ጣሊያኖቹ ራሳቸው ሳያውቁ ሰጡኝ። እንደገቡ በየግድግዳውና በየዛፉ ግንድ ላይ አዋጅ ለጠፉ፤ በአንድ ወገን የእነሱ ቋንቋ፣ በሌላው ወገን አማርኛ። ሰው ሁሉ ምን ተከለከለ እያለ ሲጨነቅ እኔ የአገር ስም እፈልግ ነበር። በአማርኛው በኩል ጎሬ የሚል ካለ በወዲያኛውም ጎሬ መኖር አለበት። ጅማ ካለ ጅማ፤ ጋምቤላ ካለ ጋምቤላ። ከጥቂት ከተሞች ስም የፊደሉን ግማሽ አወጣሁ፤ የቀረውን ከዘይት ቆርቆሮና ከዱቄት ከረጢት ላይ አሟላሁ። ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ጉራ ነው የሚል ካለ ደግሞ ይሞክረውና ይየው።

ያን ጊዜ ጢሜ ማቀምቀም የጀመረ ጎረምሳ ነበርኩ። አባቴ ጦርነቱ ሲነሳ ከአገሩ ጦር ጋር ወደ ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ለእናቴና ለእኔ የቀረን ከመቱ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ አንድ ቁራጭ የቡና ጫካ ነበር። ቡናው ከትላልቆቹ ዛፎች ሥር ራሱ የበቀለ ነው፤ ከዛፎቹ ላይ አባቴ የሰቀላቸው ቀፎዎች ነበሩ። ጨው የምንገዛው በዚያ ነው፣ የምንለብሰው በዚያ ነው። ከዚያ ሌላ የረባ ነገር አልነበረንም። እኔ ከተማ ውስጥ በአንድ ሙስሊም ነጋዴ ሱቅ ቡና እመዝን ነበር፤ ሒሳብንም የተማርኩት ከሚዛኑ ነው። ነጋዴው በነገር የሚወጋ ሰው ነበር፤ ሚዛኑም እንደ ምላሱ ወደ አንድ ወገን ያጋድላል።

አንድ የገበያ ቀን ጣሊያናዊው ሹም ሕዝቡን ሰብስቦ ትምህርት ቤት ሊከፍትልን መሆኑን በአስተርጓሚ አስነገረ። ስለ ታላቁ መንግሥት ቸርነት ብዙ ተባለ። ቸርነቱ የሚከፈለው ግን በእኛ ጫካ እንደሆነ ወዲያው ገባን። ዘምተው ያልተመለሱ ሰዎች ጫካ ሁሉ ባለቤት የሌለው ተብሎ ለትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ቡናውና ማሩ እየተሸጠ ለቆርቆሮ፣ ለወንበርና ለጥቁር ሰሌዳ ይውላል ተባለ። ይህን የሚያስተዳድር ኮሚቴም እዚያው ተሾመ። ሰብሳቢው የአገሩ ባላባት፣ ገንዘብ ያዡ የእኔ ነጋዴ፣ ጸሐፊው አስተርጓሚው ራሱ ሆኑ። ባላባቱ ማኅተሙን ገልብጦ የሚመታ ሰው ነበር። ተገልብጧል የሚለውም አልነበረም፤ ያወቀ ፈርቶ ዝም ይላል፣ የቀረው አያውቅም።

እናቴ ከሴቶቹ መሀል ብድግ ብላ በኦሮምኛ ተናገረች። ባለቤት የለውም ያላችሁት ጫካ ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ ይኸው ቆሜ እያያችሁኝ ነው አለች። ብዙ ተናገረች። አስተርጓሚው ወደ ሹሙ ዞሮ አንዲት ቃል ብቻ ጣል አደረገ። ሹሙም ፈገግ ብሎ እጁን አነሳላት። የዚያን ጊዜ ጣሊያንኛ ሲነገር ስለማይገባኝ የተባለውን አላወቅሁም። ቃሏን ግን በጆሮዬ ይዣት ነበር፤ በኋላ ሳውቃት «ታመሰግናለች» ማለት ሆና ተገኘች።

ሰዉ ልጆቻችንን ወታደር አድርገው ሊወስዱብን ነው ብሎ ልጆቹን ወደ ያዮ ጫካ አሸሸ። የሚመዘገብ ተማሪ ሲጠፋ ሹሙ ሌላ ነገር አስነገረ። ከጅማ ተቆጣጣሪ እየመጣ ተማሪዎቹን ይፈትናል፤ አንደኛ የወጣው ተማሪ ከትምህርት ቤቱ ጫካ የወደደውን አንድ ቁራጭ ለቤተሰቡ ይወስዳል። ይህን እንደሰማሁ እየሮጥኩ ሄጄ ጫካችን ተመልሷል ብዬ ለእናቴ ነገርኳት።

«ገና ሳትገባ?» አለችኝ።

«አዮ፣ የሚገቡትን አይቻቸዋለሁ» አልኳት። አዮ እኛ አገር ልጅ እናቱን የሚጠራበት ነው።

ትምህርት ቤቱ የተሠራው ከከተማው ዳር፣ የባላባቱ ቤት ካለበት ጉብታ ሥር ነው። ቆርቆሮው በካሚዮን ሲመጣ ከተማው ወጥቶ አየው፤ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አልብሶ የሚተርፍ ነበር። ሥራው ሲያልቅ ግን ቤቱ እስከ ወገቡ ቆርቆሮ፣ ከወገቡ ወዲያ ሣር ሆኖ ተገኘ። በዚያው ሰሞን ጉብታው ላይ ያለው የባላባቱ ቤት ፀሐይ ሲያርፍበት ዓይን የሚያጥበረብር ሆነ። ነጋዴው ብቻ ቡና እያስመዘነኝ፣ የአገራችን ትምህርት ከፍ ማለቱን አየህ፣ ጉብታው ላይ ወጥቷል አለኝ። እሱም ቢሆን ንጹሕ አልነበረም። የትምህርት ቤቱ ቡና በእኛ ሚዛን ነበር የሚያልፈው፤ ሲገባ የትምህርት ቤቱ ነው፣ ሲወጣ የነጋዴው። ወንበሮቹ የሱቁ አሮጌ ሣጥኖች ነበሩ። ቁጭ ስንል ሳሙና ሳሙና ይሸቱን ነበር።

የመጀመሪያው ቀን ባላባቱ ራሱ መጥቶ አስቀመጠን። ሰው ሲሰበሰብ እሱ የሚያውቀው አንድ ዓይነት አቀማመጥ ነው፤ በቤቱ ግብር ሲያበላ የሚያስቀምጥበት። ከፊት፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ የወንድሙን ልጅ አስቀመጠ። ይህ ተማሪ ሚስት ያለው፣ ሪዛም፣ ሲቀመጥ ሣጥኑን የሚያስጮህ ሰው ነበር። ቀጥሎ ሌሎች ዘመዶቹ፣ ቀጥሎ የነጋዴው ልጆች፣ ቀጥሎ የአስተርጓሚው ወንድም፣ ከዚያ የጭሰኞች ልጆች። አባት የሌለው ከሁሉም ኋላ፣ ከሣሩ ሥር ነው። እኔ መጨረሻው ወንበር ላይ፣ ግድግዳው ሥር ተጣልኩ። መቱ ዝናቧ እንግዳ አያውቅም፤ ሣሩ ደግሞ በችኮላ የተከደነ ነበር። ሲዘንብ ሰሌዳውን የማየው በጠብታ መሀል ነው።

አስተማሪያችን ጣሊያናዊ የአሥር አለቃ ነበር፤ በአገሩ በቅሎ ጫማ ሲመታ የኖረ ነው ይባላል። ክፉ ሰው አልነበረም። ማስተማር ግን አያውቅም፤ እንደማያውቅም ስለሚያውቅ አልደከመበትም። ጠዋት ተሰልፈን እጃችንን ዘርግተን እንዘምራለን። ከዚያ እሱ ጥቂት ፊደል ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፣ እኛም በአንድ ድምፅ እንጮሃለን። ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ለካምፑ የሚሆን ቲማቲምና ጎመን እንኮተኩታለን። ፊተኞቹ አሽከር ስላላቸው ለኩትኮታው አሽከሮቻቸውን ይልካሉ። እንዲህ ሆኖ ጎመኑ ከተማሪዎቹ ይልቅ ፈጥኖ አደገ። የባላባቱ ወንድም ልጅ መዝሙሩን በግማሽ ያውቃል፤ ቀሪውን ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ያልፈዋል። ፊደል ሲጠየቅ አስተማሪውን ትኩር ብሎ ያየዋል። አስተማሪውም ዓይኑን ወደ ሌላ ያዞራል።

በጥር ወር ተቆጣጣሪው ከጅማ መጣ። መነጽር ያደረገ፣ የመንገዱ አቧራ ፊቱ ላይ የደረቀ፣ ረሃብ የያዘው ሰው ነበር። ባላባቱ ሰንጋ አሳርዶ የጥብሱ ሽታ በመስኮት ይገባል። ኮሚቴው ከፊት ቆሟል። እናቴም ከሌሎች ሴቶች ጋር ከውጭ በበሩ በኩል ታያለች።

በኋላ እንደሰማሁት በእነሱ አገር ጎበዝ ከፊት፣ ሰነፍ ከኋላ ይቀመጣል። ተቆጣጣሪው የእኛንም እንዲያ መሰለው። ማንንም ሳይጠይቅ ጣቱን ወደ መጨረሻው ወንበር ዘርግቶ እኔን ጠራኝ። ሰሌዳው አጠገብ ቆምኩ። መጽሐፍ ሰጠኝ፤ ሳልደናቀፍ አነበብኩ። ገጹን ራሱ ገለጠልኝ፤ ያንንም አነበብኩ። ማባዛት ጻፈልኝ፣ ሠራሁ። ማካፈል ጻፈልኝ፣ ጠመኔው ሳይቆም ሠራሁ። ተቆጣጣሪው መነጽሩን አውልቆ አስተማሪውን ጨበጠው። አስተማሪው እኔ ማንበብ እንደምችል የዚያን ቀን ነው ያወቀው፤ ላቡን ሲጠርግ አየሁት።

ከዚያ ተቆጣጣሪው ለኮሚቴው ንግግር አደረገ፤ አስተርጓሚው ተረጎመው። ብዙ ትምህርት ቤት አይቻለሁ፤ መጨረሻው ተማሪ እንዲህ የሚያነብበት ግን የትም አላየሁም። ውራው ይህን ካወቀ ፊተኞቹን መፈተን እነሱን መዳፈር ነው። ይህን ብሎ መጽሐፉን ዘጋ። አንደኛው አንደኛ ነው ብሎ ለባላባቱ ወንድም ልጅ እጁን ሰጠው። የወንድሙ ልጅም በታላቅ ክብር ጨበጠው። ለእኔ ደግሞ ከኋላ በመሆኔ እንዳላፍር፣ እንድበረታ መክሮ አዲስ የካኪ ኮት በእጁ አለበሰኝ።

ኮቱን እንደለበስኩ ወደ አስተርጓሚው ዞርኩ። «እኔ ውራ አይደለሁም በለው። እነሱንም ይፈትናቸው» አልኩት። ማንበብ ችያለሁ እንጂ መናገር ገና ነበርኩ፤ የዱቄት ከረጢት አያናግርም። አስተርጓሚው ወደ ተቆጣጣሪው ዞሮ ያችኑ አንዲት ቃል ጣል አደረገ። ተቆጣጣሪው ፈገግ ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ወደ ጥብሱ ሄደ።

የወንድሙ ልጅ ከትምህርት ቤቱ ጫካ ውስጥ የመረጠው የእኛን ነው። ለመንገድ ይቀርባል፣ ቀፎውም የተዘጋጀ ነው አለ። አጥር አጠረበት፣ ከአባቴ ቀፎዎች አጠገብ የራሱን ሰቀለ። ኅዳር ላይ ቡናው ሲደርስ ለቃሚ ፈለገ፤ እናቴም ሄደች። አትሂጂ ብላት ዛፎቹን የማውቃቸው እኔ ነኝ፣ ቅርንጫፍ ይሰብሩብኛል አለችኝ። በገዛ ጫካዋ የቀን ሠራተኛ ሆና ለቀመች። የእሱ ሚስት አጥሩ በር ላይ ቆማ ቅርጫቷን እየፈተሸች ታሳልፋት ነበር። ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ ያንን ፍተሻ ግን አልረሳሁም።

ያን ዓመት አንድ ነገር ቆርጬ ያዝኩ። የኩትኮታ ጊዜ ሲደርስ ከአስተማሪው አጠገብ ያለውን መደብ ለእኔ አደረግሁት። አስተማሪው ብቻውን ሲሆን ከጎመኑ ጋር ያወራል። እኔም መልስ መስጠት ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቀብኝ፣ ቀጥሎ አረመኝ፣ በመጨረሻ ስለ መንደሩ፣ ስለ እናቱ፣ ስለ በቅሎዎቹ ያጫውተኝ ጀመር። ክረምቱ ሲወጣ ጣሊያንኛ እንደ ውሃ ይወርድልኝ ነበር። ያስተማረኝ እሱ እንዳይመስላችሁ፤ እሱ አወራ፣ የተማርኩት እኔ ነኝ።

ኮሚቴው በበኩሉ ስለ ትምህርት ጥራት ተሰበሰበ። ነገሩን ያስነሳው የእኔ ኮት ነው። የባላባቱ ዘመዶች ተቆጣጣሪው በገዛ እጁ ያለበሰው መጨረሻውን ተማሪ እንደሆነ አይተዋል። ያስጠራውም እሱን ብቻ ነው፣ ያመሰገነውም እሱን ብቻ ነው። የወንድሙ ልጅ ጫካ ቢያገኝም ኮት አላገኘም፤ ይህም ከሆዱ አልወጣም። ስለዚህ በፈረንጅ ሥርዓት የክብር ቦታ ኋላ ነው፣ ሳናውቅ ተዋርደናል ብለው ደመደሙ። የወንድሙ ልጅ መጨረሻውን ወንበር ጠየቀ። የነጋዴው ልጆች ለእኛ ይገባል አሉ። የአስተርጓሚው ወንድም፣ የፈረንጅን ነገር የምናውቅ እኛ ነን ብሎ ቀደመ። ነገሩ ከሮ ሽማግሌ ተቀመጠ። ውራ ማን ይሁን ተብሎ በመቱ ከተማ ዋርካ ሥር ሽማግሌ ሲቀመጥ በዓይኔ አይቻለሁ። ከሱቁ ተልኬ ለሽማግሌዎቹ ጫት ያደረስኩት እኔ ነኝ።

ባላባቱ በቁጣ ተናገረ። «አባቴም አያቴም ለማንም ቦታ ለቀው አያውቁም። የእኔ ልጅ እያለ ሌላ ሰው መጨረሻ ሊሆን?»

«ጌታዬ» አለ ነጋዴው፣ ፊቱ ላይ ምንም ሳይታይ፣ «ለመጨረሻነቱስ ከእርስዎ ልጅ ጋር የሚወዳደር የለም። እኔ የምለው ከእሱ ቀጥሎ ያለውን ለልጆቼ ይተዉልኝ ነው።»

በዚህ ታረቁ። የወንድሙ ልጅ መጨረሻ ሆነ፤ ከፊቱ የነጋዴው ልጆች፣ ከፊታቸው የአስተርጓሚው ወንድም፣ እንዲህ እያለ ክብሩ ወደ ፊት እየቀነሰ መጣ። አባት የሌለው ያን ጊዜም የሚጣልበት ቦታ ተፈለገለት፤ እኔ ከሁሉም ፊት፣ አስተማሪው ዱላውን ከሚያስቀምጥበት ጠረጴዛ ሥር ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርቆሮ ከራሴ በላይ ሆነ። ማመስገኔን ማንም አልጠየቀኝም።

ተቆጣጣሪው በጥር ይመጣል ሲባል መንገዱ አላስተማመነም ተብሎ ቀረ። የመጣው በግንቦት ነው፣ ዝናቡ ከበረታ በኋላ። ጌቶቹ ይህን አላሰቡበትም ነበር። ሣሩ ከዓመት ዓመት ሳስቶ እንደ ወንፊት ውሃ ያወርዳል። ቦታ መልቀቅ ግን ውርደት ነው። የወንድሙ ልጅ አሽከሩን ልኮ ገሳ አስመጣና ለብሶት ተቀመጠ። የነጋዴው ልጆችም አስመጡ። የፈተናው ቀን መጨረሻዎቹ ወንበሮች ላይ ገሳ ለብሰው የተደረደሩትን ጌቶች ያየ ሰው፣ ዝናብ የያዛቸው ከብት ጠባቂዎች ለማረፍ የገቡ ይመስለው ነበር።

ተቆጣጣሪው ገባ። አምና እዚህ የተደሰተ ሰው ስለሆነ ፊቱ ብሩህ ነበር። እንደ አምናው ከመጨረሻው ጀመረ፤ በዚህ ጊዜ ግን ተማሪውን ወደ ፊት አልጠራም፣ መጽሐፉን ይዞ ራሱ ወደ ኋላ ሄደ። አምና ወቅቱ በጋ ነበር፤ ወደዚያም አልሄደም። የቤቱ ወገብ ላይ እንደደረሰ ቆቡ ላይ ውሃ ጠብ አለ። ሌላ እርምጃ ሲሄድ መነጽሩ ላይ። ቀና ብሎ ጣራውን አየ። ቆርቆሮው የሚያልቅበትን፣ ሣሩ የሚጀምርበትን አየ። ከዚያ መጽሐፉን ለባላባቱ ወንድም ልጅ ሰጠው። የወንድሙ ልጅ መጽሐፉን ከገሳው ውስጥ ከተተው፤ እንዳይረጥብ ነው። አንብብ ሲባል ተነሥቶ መዘመር ጀመረ። እሱም ግማሽ ላይ ቆመ።

ተቆጣጣሪው ወደሚቀጥለው ወንበር መጣ። የነጋዴው ልጅ ዓይኑን ጨፍኖ ቆመ። ወደሚቀጥለው። የአስተርጓሚው ወንድም ሁለት ቃል አለ፤ ሁለቱም ከመጽሐፉ አልነበሩም። እንዲህ እያለ ከወንበር ወንበር ፊቱ እየጠቆረ መጣና ከእኔ ዘንድ ደረሰ። ኮቱን አየው፣ ፊቴን አየው።

«አንተ ያምናው ውራ አይደለህም?» አለ፣ በቋንቋው።

አስተርጓሚው አፉን ከፈተ። እኔ ቀደምኩት፤ በዚያው በተቆጣጣሪው ቋንቋ፣ አንድ ቃል ሳልስት። «ያምናውም የዘንድሮውም እኔው ነኝ፣ ጌታዬ። የተለወጠው ወንበሩ ነው።»

ተቆጣጣሪው ቀጥል አለኝ። ቀጠልኩ። ማን በማን ተሾሞ የት እንደሚቀመጥ ነገርኩት። አምና ከኋላ የነበርኩት አባቴ ስለሌለ እንደሆነ፣ ዘንድሮ ከፊት የሆንኩትም ስለዚያው እንደሆነ ነገርኩት። ስለ ቆርቆሮው አልተናገርኩም፤ አላስፈለገም። እሱ ራሱ ወደ መስኮቱ ሄዶ ቆሞ ነበር። ዝናቡ ለጊዜው ሳሳ ብሎ፣ ጉብታው ላይ ያለው ቤት ታጥቦ ያብረቀርቃል። ተቆጣጣሪው ይህ የማን ቤት ነው ብሎ ጠየቀ።

ባላባቱ አልደነገጠም፤ ይህን ልክድለት አልችልም። «ቆርቆሮው እዚህ ዝናብ እንዳይመታው ብዬ ነው ቤቴ ላይ ያስቀመጥሁት» አለ። አስተርጓሚው ይህን አልተረጎመም። እኔ ተረጎምኩለት፤ አንዲት ቃል አላጎደልኩም፣ አልጨመርኩም። ባላባቱ በዕድሜው ሙሉ በትክክል የተተረጎመው የዚያን ቀን ነው።

ተቆጣጣሪው መጽሐፉን ሰጠኝ፣ አነበብኩ። ሰሌዳ ላይ ጻፈልኝ፣ ሠራሁ። ከዚያ ደክሞት ጠረጴዛው ላይ ተቀመጠና አንደኛ ነህ፣ የትኛውን ጫካ ትፈልጋለህ አለኝ። በሁሩሙ መንገድ ያለውን፣ የእናቴን አልኩት። የወንድሙ ልጅ ከነገሳው ተነሥቶ ያ የእኔ ነው አለ። ይህንንም ተረጎምኩ። ተቆጣጣሪው ቀና ብሎም አላየው፤ አምና የወሰደው ባላገኘው ማዕረግ ነው ብሎ እዚያው ወረቀት ላይ ፈረመ። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የነጠቁን ሰዎች ፍርድ ሰጡን ብዬ አላመሰገንኳቸውም። የራሳችንን ነው የመለሱልን፤ እሱንም የመለሱት ማዕረጉን ራሴ ስላመጣሁ ነው።

ትምህርት ቤቱ ግን በዚያው ተዘጋ። የአገሩ ሕዝብ ለትምህርት አልደረሰም የሚል ምክንያት ተሰጠ። ወታደሮች ጉብታው ላይ ወጥተው ቆርቆሮውን ነቀሉ። ለትምህርት ቤቱ ይመለሳል ብሎ የጠበቀ ሰው ከነበረ ሞኝ ነው፤ የካምፑ ወጥ ቤት ክዳን ሆነ። የትምህርት ቤቱም ቤት የበቅሎ ማደሪያ ሆኖ አስተማሪው እዚያው ሥራው ላይ ቀጠለ። ፊቱ ከዚያ በፊት እንዲያ ፈክቶ አይቼው አላውቅም።

በማግስቱ ከእናቴ ጋር ጫካው ሄድን። ወረቀቱን አውጥቼ አነብላት ጀመር፣ የእሷ ስም ያለበትን ቦታ በተለይ። አላስጨረሰችኝም፤ ዓይኗ ዛፎቹ ላይ ነበር።

«እሱን አስቀምጠውና መሰላሉን አምጣልኝ» አለች።

የወንድሙን ልጅ አጥር እንጨት ለማገዶ ነቀለችው። እሱ የሰቀላቸውን ቀፎዎች በጨዋነት አስወርዳ ወደ ቤቱ አስላከችለት፤ ከአንዷ በስተቀር። ያችን የለቀማዬ ዋጋ ናት ብላ አስቀረቻት፤ ሰኔ ላይ ሲቆረጥ ማሩ ነጭ፣ ወለላው እጅ የሚያጣብቅ ነበር። ባለቤቱ ሰው ልኮ ቢጠይቃት፣ መልእክተኛውም እትዬ፣ ቀፏችንን ቢላት፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ቅርጫቱን ፈትሻ ባዶውን ሸኘችው።

ጣሊያን ከሄደ በኋላ እነዚያ ጌቶች በየመሥሪያ ቤቱ በጣሊያን ትምህርት ቤት ተምረናል እያሉ ተቀጠሩ። የወንድሙ ልጅ ቆይቶ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሲከፈት የወላጆች ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆነ፤ ስብሰባ ላይ ከፊት ነበር የሚቀመጠው። ከጣሊያኑ ትምህርት ቤት ተምሬ የወጣሁት እኔ ብቻ ነኝ። እሱም ተምሬ ስለገባሁ ነው። ጫካው ዛሬም የእኛ ነው፤ ቡናው ሲደርስ ማንም የማንንም ቅርጫት አይፈትሽበትም።